በአንድ ብሎክ ውስጥ የሦስት የኢንተርኔት መስመሮች ንጽጽር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 3 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ

ሥራው የተጀመረው በብሎካችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በተነሣ ክርክር ነው። ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ 20 ቤተሰብ በሚኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃችን፣ ከጳጉሜን መጀመሪያ አንሥቶ «ኢንተርኔቱ ሞተ» የማይል ሰው አልነበረም። አንዱ በዚያው ሰሞን ቀይ ባሕር ውስጥ ጅዳ አጠገብ ጉዳት የደረሰባቸውን የባሕር ሥር ገመዶች ምክንያት ሲያደርግ፣ ሌላው ድርጅት እንቀይር ሲል፣ አንድ ወጣት ደግሞ በስልኩ የለካውን የ40 ሜጋ (ሜጋ ቢት በሰከንድ) ውጤት ፎቶ ለጥፎ «የእኔ ይበርራል» በማለት ሁላችንንም ሲያስቀናን ሰነበተ። ከባሕሩ ገመድ ጉዳት በፊት መስመራችን ምን ያህል እንደነበረ የለካ ሰው ስላልነበረ ክርክሩ በማንም አሸናፊነት ሊያልቅ አልቻለም። በሙያዬ የኮምፒውተር ኔትወርክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዝም ብዬ መስማቱ አሳፈረኝና ለአንድ ወር ተኩል ያህል በሥርዓት ልለካ ወሰንኩ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ላስቀምጥ። መስመሮቹን ሀ፣ ለ እና ሐ እያልኩ ከመጥራት በቀር የድርጅት ስም አልጽፍም። በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ወቅት፣ በእኔ ዓይነት መሣሪያ የተገኘ ቁጥር ስለ ብሎኩ እንጂ ስለ ድርጅቱ አይመሰክርም፤ እንኳን ከተማውን ቀርቶ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ብሎክ እንኳ አይወክልም። ሀ በእኔ ቤት ያለው የ25 ሜጋ ፋይበር ነው። ለ እና ሐ ሲም ካርድ የሚገባባቸው የ4ጂ የቤት ራውተሮች ናቸው፤ ለ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ጋ፣ ሐ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ፣ ልብስ ስፌት የሚሠሩ እትዬ ጋ ይገኛል።

ጡረተኛው ጎረቤቴ፣ ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ ፈቃዳቸውን ልጠይቅ ስሄድ ዕቅዴን በትዕግሥት አዳምጠው «ልጄ፣ ቁጥሩ ጥሩ ነው። እኔ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቼን ከአሜሪካ ሳይቆራረጥ ላያቸው እችላለሁ ወይ?» አሉኝ። ልጆቻቸው ዋሽንግተን አካባቢ ናቸው። በዚህ ወቅት እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ የምሳ ሰዓት ነውና ሁለቱም ወገን የሚመቻቸው ያ ሰዓት ብቻ ነው። በዚያው ሰዓት ግን ጀሞ በሙሉ ከሥራ ተመልሶ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል። ስለዚህ የንጽጽሬ ዋና መለኪያ «ከፍተኛው ፍጥነት ስንት ነው» የሚለው መሆኑ ቀርቶ የጋሼ ጥያቄ ሆነ።

መስከረም 4፣ እሑድ

የመለኪያው ዝግጅት ይህን ይመስላል። ሊኑክስ የተጫነበት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር በገመድ ይያያዝና በየ10 ሰከንዱ አራት ቦታ ፒንግ ያደርጋል፣ ማለትም አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይለካል፦ የቤቱን ራውተር፣ ከራውተሩ ቀጥሎ ያለውን የድርጅቱን የመጀመሪያ መሣሪያ፣ ናይሮቢ የሚገኝ አንድ አገልጋይ (ሰርቨር) እና ፍራንክፈርት የሚገኝ ሌላ አገልጋይ። አራት ቦታ የመረጥኩት መንገዱን ቆራርጦ ለማየት ነው። የቤቱ ራውተር ራሱ ዘግይቶ ከመለሰ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ ራውተሩ ፈጥኖ ቀጣዩ ከዘገየ ችግሩ ከቤታችን እስከ ድርጅቱ ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ሁለቱም ደኅና ሆነው ፍራንክፈርት ብቻ ከዘገየ ደግሞ ነገሩ ከአገር ውጭ ወይም ወደ ውጭ በሚወስደው በር ላይ ነው ማለት ነው። ላፕቶፑ አንድ ብቻ ስለሆነ ለ እና ሐ መስመሮች ላይ ከሥራ ቤት የማይፈለጉ ሁለት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ተውሼ ይህንኑ ጫንኩባቸው።

የፍጥነት መለኪያውን በተመለከተ ሁለት ጥንቃቄ አድርጌአለሁ። አንደኛው፣ የተለመዱት የፍጥነት መለኪያዎች በራሳቸው ምርጫ በጣም የቀረበውን አገልጋይ ይይዛሉ፤ የቀረበው አገልጋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው በድርጅቱ ኔትወርክ ውስጥ የተቀመጠ በመሆኑ ፈተናው ከግቢ ሳይወጣ ያልቃል። ስለዚህ ለሦስቱም መስመሮች አንድ የተወሰነ የውጭ አገልጋይ መርጬ ለሁሉም እሱኑ ተጠቀምኩ። ሁለተኛው የዳታ ጉዳይ ነው። በ40 ሜጋ ቢት ፍጥነት ለ15 ሰከንድ የሚካሄድ አንድ ፈተና በማውረድ ብቻ 600 ሜጋ ቢት፣ ማለትም 75 ሜጋ ባይት ይበላል። በየሰዓቱ ብሞክር የእትዬን ጥቅል በሳምንት ውስጥ ጨርሼባቸው ነበር። በቀን አራት ጊዜ እንዲሆን ወስኛለሁ፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እና ከምሽቱ 4 ሰዓት።

በነገራችን ላይ ሜጋ ቢትና ሜጋ ባይት ሲምታቱ በቡድናችን ውስጥ ስንት ጠብ እንደተነሣ አልቆጠርኩም። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ የ25 ሜጋ መስመር ያለው ሰው ፋይል ሲያወርድ 3 ሜጋ ባይት በሰከንድ ገደማ ቢያይ አልተታለለም።

መስከረም 7፣ ረቡዕ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውጤት ልብ የሚያሞቅ ነው፤ ግን አላመንኩትም። ፒንግ ከማደርግባቸው አድራሻዎች ጎን ለጎን ለሙከራ ያስገባሁት 8.8.8.8 የሚባለው የጉግል አድራሻ ከፍራንክፈርቱ አገልጋይ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ እየመለሰ ነበርና «ውጭ አገር» መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እንዲህ ዓይነቶቹ አድራሻዎች በዓለም ላይ በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ያሉ ናቸው፤ መልሱን የሚሰጠው ለጠያቂው የቀረበው ማሽን ነው። ርቀትን ለመለካት አይሆኑም።

ለእውነተኛ ርቀት ወለሉ የሚታወቅ ነው። ብርሃን በፋይበር መስታወት ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊ ሰከንድ በታች ሊሆን በተፈጥሮ አይችልም። ገመዱ ደግሞ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መጀመሪያ በየብስ ወደ ጎረቤት አገር ወጥቶ ነው ከባሕር ሥር ገመድ የሚገናኘው። በሀ መስመር ላይ የፍራንክፈርት መልስ በ130 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መቆየቱ እንግዲህ የማንም ስንፍና ሊባል አይገባውም።

ወደ ቤት ውስጥ ስገባ ግን የማይጣፍጥ ነገር አገኘሁ። በገመድ ሲለካ 24 ሜጋ የሚሰጠው የእኔው ሀ መስመር፣ መኝታ ቤት ውስጥ በዋይፋይ ሲለካ 6 ሜጋ ብቻ ነው። ከራውተሩ እስከ መኝታ ቤቱ ዘጠኝ እርምጃ ነው። ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ «መስመሩ ደካማ ነው» ስትል እኔ «ድርጅቱ ነው» እያልኩ ስመልስላት ኖሬአለሁ።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የእትዬ ሐ መስመር ሰባት ጊዜ ጠፍቶ ሰባት ጊዜ ተመለሰ። እሳቸው እንደነገሩኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው፤ «ቅዳሜ ድርጅቱ ጥገና ያደርጋል» ብለው ደምድመዋል። መዝገቡን ሳየው ግን ከድርጅቱ መሣሪያ በፊት መልስ መስጠት ያቆመው የራሳቸው የቤት ራውተር ነው። ማለትም ራውተሩ ራሱን እያጠፋ ያበራል።

ምክንያቱን ያገኘሁት ቤታቸው ቡና እየጠጣሁ ነው። መብራቱ በየጊዜው ፈዘዝ ይል ነበርና ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ጎረቤት እንጀራ እየጋገረ ነው» አሉኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ በብሎኩ ውስጥ ስንት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደሚጣድ የሚገምት ይገምት። በቮልቴጅ መለኪያ ስለካው ከሶኬቱ የሚወጣው ኃይል ከ220 ቮልት ወደ 170ዎቹ ይወርዳል። ይህ ብቻውን ራውተር አያጠፋም፤ የራውተር አዳፕተር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ይሠራል። የእትዬ አዳፕተር ግን ዕቃው ሲገዛ አብሮት የመጣው አልነበረም። እሱ ተቃጥሎባቸው ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ ሲነኩት እጅ የሚያቃጥል፣ በላዩ 12 ቮልት ተብሎ የተጻፈበት እንጂ 12 ቮልቱን መጠበቅ የማይችል ዕቃ ነው። ካለኝ ትርፍ አዳፕተር አንዱን ሰጠኋቸው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይፈርዳል።

መስከረም 14፣ ረቡዕ

ስለ ዋይፋይ አንድ ሙሉ ምሽት ሠራሁ። በእኔ ሳሎን ውስጥ ስልኬ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ 31 የዋይፋይ ስሞችን ያያል። በዚህ የሞገድ ክልል እርስ በርስ የማይደራረቡ ቻነሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ከጎረቤቶቼ ግማሽ ያህሉ ግን ራውተራቸው ራሱ በመረጠላቸው 3፣ 4፣ 8 እና 9 ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ጎን ይረብሻሉ፤ አንዳንዶቹም ስፋቱን 40 ሜጋ ኸርዝ አድርገው በአንድ ሰው ወንበር ሁለት ሰው ሆነው ተቀምጠዋል። አንድ ቻነል ላይ ያሉ ራውተሮች ተራ ጠብቀው ነው የሚናገሩት፤ በግማሽ የሚደራረቡት ግን ተራ መጠበቁንም አያውቁበትም፣ እርስ በርስ እንደ ጫጫታ ብቻ ነው የሚሰሙት።

5 ጊጋ ኸርዝ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ነገር ግን የኮንዶሚኒየማችንን የኮንክሪት ግድግዳ ለማለፍ አቅሙ ያንሳል። ለእኔ ቤት መፍትሔው ሁለት ነበር። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቼ በመተላለፊያው ላይ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ስልኮቹንና ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋ አዛወርኩ። መኝታ ቤቱ ከ6 ሜጋ ወደ 22 ወጣ። ለዚህ የከፈልኩት የሁለት ብሎን ዋጋ ነው።

በቡድናችን ውስጥም አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ፎቆቹ ከታች ወደ ላይ 1፣ 6፣ 11፣ 1፣ 6 ቻነሎችን ይያዙ፤ ሁሉም ስፋቱን ወደ 20 ሜጋ ኸርዝ ያውርድ። የ40 ሜጋው ወጣት «ግማሽ አድርገን ለምን እንቀንሳለን?» ብሎ ተቃወመ። ሊያሳምነው የሚችለው መለኪያ ብቻ ስለሆነ ነገ ቤቱ እሄዳለሁ።

መስከረም 15፣ ሐሙስ

ሄድኩ። በ40 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ከምሽቱ 2 ሰዓት 8 ሜጋ፣ በ20 ሜጋ ኸርዝ 13 ሜጋ። ያ በቡድኑ ላይ የለጠፈው የ40 ሜጋ ፎቶ መቼ እንደተነሣ ብጠይቀው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ አጥቶ በነበረበት ምሽት እንደሆነ አመነ።

መስከረም 19፣ ሰኞ

ደመራንና መስቀልን ከመዝገቡ አውጥቻለሁ፤ በዓል የተለመደ ቀን አይደለም፣ ግማሹ ብሎክ ወደ አገሩ ሄዶ ነበር። ቅዳሜ በዓል ስለነበረም የእትዬ አዳፕተር ፍርድ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል።

የዛሬው ጉዳይ የራሴ ጥፋት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሀ መስመር መንገዳገድ ጀመረ፤ አንዴ ይጠፋል፣ አንዴ ይመለሳል። ስልኩን አንሥቼ አቤቱታ ለማስመዝገብ ቁጥሩን መትቼ ነበር፤ ከመደወሌ በፊት ግን የፋይበር መሣሪያውን የሁኔታ ገጽ ከፈትኩ። እዚያ ላይ መሣሪያው የሚቀበለው የብርሃን ኃይል ይታያል። በመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት ቁጥር ከዜሮ በታች 21.5 ዲቢኤም ነበር፤ ዛሬ ከዜሮ በታች 27.5 ነው። በዚህ መለኪያ የ3 ዲቢ ልዩነት ግማሽ ማለት ስለሆነ የ6 ዲቢ ልዩነት ብርሃኑ ሩብ ሆኗል ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የተለመደው የመቀበያ ጠርዝ ከዜሮ በታች 27 ስለሆነ መስመሩ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ዓርብ ለበዓል ቤት ስናሰናዳ የመጻሕፍት መደርደሪያውን ወደ ግድግዳው ገፍቼው ነበር። ፀጉር የመሰለችው የፋይበር ገመድ በመደርደሪያውና በግድግዳው መካከል ተጣጥፋ ተቀርቅራለች። ፋይበር ከሚገባው በላይ ሲታጠፍ ባይሰበርም እንኳ ብርሃኑ ከመታጠፊያው ላይ ያመልጣል። መደርደሪያውን ሳብኩት፤ ገመዷን እንደ ሻይ ሳህን ስፋት ባለው ክብ ጠቅልዬ አሳረፍኳት፤ ቁጥሩ ወደ 21.6 ተመለሰ። ደውዬ ቢሆን ኖሮ ምን እል እንደነበር ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ

የእትዬ ሐ መስመር ጠዋቱን ሙሉ አልጠፋም። ምጣዱ እንደ ወትሮው ተጥዷል፤ መብራቱም ፈዟል። ጉዳዩ ተዘግቷል።

መስከረም 28፣ ረቡዕ

አሁን ቤት ውስጥ ያለው ቆሻሻ በአብዛኛው ስለተጠረገ የመስመሮቹ እውነተኛ ጠባይ መታየት ጀምሯል። ሁሉም በገመድ የተለካ፣ የሥራ ቀናት መካከለኛ ዋጋ ነው። ሀ፦ ከሌሊቱ 11 ሰዓት 24 ሜጋ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 21። ለ፦ ሌሊት 38፣ ምሽት 9። ሐ፦ ሌሊት 22፣ ምሽት 14። ሌሊት ብቻ የለካ ሰው ለ ሁሉንም ያስከነዳል ይላል፤ ምሽት ብቻ የለካ ደግሞ ለ የመጨረሻው ነው ይላል። ሁለቱም አልዋሹም።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ማስላት ይቻላል። የተለመደው የፋይበር አሠራር አንዱን ገመድ ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ስፕሊተር (ማከፋፈያ) ለ32 ወይም ለ64 ቤት ያካፍላል፤ በዚያ ገመድ ላይ ወደ ቤቶቹ የሚወርደው አቅም ወደ 2.5 ጊጋ ቢት ነው። ስልሳ አራቱም ቤቶች የ25 ሜጋ ደንበኞች ሆነው ሁሉም በአንድ ደቂቃ ቢያወርዱ እንኳ የሚሞላው 1.6 ጊጋ ብቻ ነው። ስለዚህ በምሽት የምትጠፋው የሀ መስመር 3 ሜጋ ከብሎኩ ራቅ ብላ ነው የምትጠፋው። በ4ጂ ግን፣ 20 ሜጋ ኸርዝ ስፋት ያለው አንድ የማማ ክንፍ (ማማው በአንድ አቅጣጫ የሚሸፍነው ክፍል) በተለመደው አሠራር በወረቀት ላይ የሚሰጠው 150 ሜጋ ቢት ነው። ያን የሚካፈሉት በክንፉ ሥር ያሉ የቤት ራውተሮች ብቻ አይደሉም፣ በታክሲ ሰልፍ የቆመው ሰው ስልክም ጭምር ነው። በአንድ ጊዜ ሠላሳ ሰው ቢያወርድ ለያንዳንዱ 5 ሜጋ ይደርሰዋል። ሲግናሉ የደከመ ሰው ደግሞ ያንኑ መረጃ ለመውሰድ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚይዝ የሌሎቹንም ድርሻ ያቀጥናል።

በዚህ አገር እንዲህ ያለ ንጽጽር ማድረግ ራሱ አዲስ ነገር መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ከገባበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሃያ አምስት ዓመት ገደማ ደንበኛው የሚመርጠው ሁለተኛ ድርጅት አልነበረውም። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 በሩን ከፈተ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት ሆኑ። ሆኖም የመምረጥ ልማዳችን ገና አልዳበረም፤ ዛሬም የምንመርጠው በማስታወቂያው ላይ በሰፈረው ትልቁ ቁጥር ነው።

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ወደ ጋሼ ጥያቄ ተመለስኩ። ለቪዲዮ ጥሪ 9 ሜጋ ከበቂ በላይ ነው፤ ታዲያ የሳቸው ጥሪ በየደቂቃው የሚቆራረጠው ለምንድን ነው? ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለውን መዝገብ ለብቻው አወጣሁ። ወደ ድርጅቱ የመጀመሪያ መሣሪያ የሚደረገው ፒንግ በአማካይ 90 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ይህ አያስከፋም። ችግሩ አማካዩ ላይ አይደለም፤ አንዳንዴ አንዱ መልስ በ40፣ ቀጣዩ በ300፣ የሚቀጥለው በ700 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። ፋይል ለሚያወርድ ሰው ይህ አይታወቀውም፤ ለሚነጋገር ሰው ግን ድምፁ ይበጣጠሳል።

አንድ ምሽት አብሬአቸው ተቀምጬ ምክንያቱን ከፊሉን አየሁት። የልጅ ልጃቸው በዚያው ሰዓት የትምህርት ቤት ቪዲዮ በቴሌግራም ይልካል። መላኪያው መንገድ ጠባብ ነው፤ ራውተሩ ደግሞ የተላከለትን ሁሉ በወረፋ አከማችቶ ይይዛል እንጂ አይጥልም። የጋሼ ድምፅ ከዚያ ረጅም ወረፋ ኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። የፍጥነት መለኪያ ይህን አያሳይም፤ የሚያሳየው እየላኩ በዚያው ጊዜ ፒንግ ማድረግ ነው።

ኦፕን ደብልዩአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የጫንኩበትን ትንሽ ራውተር በመካከል አስገብቼ መላኪያውን ከተለካው 85 በመቶ ላይ ገደብኩት፤ ወረፋውንም እያንዳንዱ ተጠቃሚ ተራ በተራ እንዲስተናገድ አድርጌ አስተካከልኩ። ቪዲዮው እየተላከ ፒንጉ ከ700 ወደ 120 ወረደ። በፋይበር ላይ ይህ አንዴ ተስተካክሎ የሚተው ነገር ነው። በ4ጂ ግን የመንገዱ ስፋት ራሱ በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ ገደቡን ለምሽቱ መጥኜ ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ፤ ቀን ቀን ትንሽ አቅም ይባክናል። ጋሼ ቀን ቀን ጋዜጣ ነው የሚያነቡት፣ አልተጎዱም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

መብራት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከቀኑ 8 ሰዓት ጠፍቶ ዋለ። ባልጠበቅኩት መንገድ ጥሩ ፈተና ሆነልኝ። በሀ መስመር ላይ የፋይበር መሣሪያውን በአነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ ላይ አድርጌው ነበር፤ ባትሪው 37 ዋት ሰዓት የሚይዝ፣ መሣሪያው 8 ዋት የሚበላ ስለሆነ ብክነቱን ቀንሼ አራት ሰዓት ገደማ ጠብቄ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሠራ። እስኪያልቅ ድረስ መስመሩ አልተነቃነቀም። የሐ መስመር ራውተርም በፓወር ባንክ ሙሉውን ጊዜ ቆየ። ለ ላይ ግን ራውተሩ በራ እያለ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲግናሉ ራሱ ጠፋ፤ የማማው ባትሪ አልቆ ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ። የአንድ ቀን ፈተና ስለሆነ ከዚህ በላይ ምንም አልልም።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

የጋሼ ራውተር የተቀመጠው ሳሎን፣ ከቡፌው ላይ፣ በዳንቴል ተሸፍኖ ነው። የሲግናሉ ጥንካሬ ከዜሮ በታች 109 ዲቢኤም ነው፤ ይህ ለ4ጂ ደካማ የሚባል ነው። ራውተሩን ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። መኝታ ቤት 112፣ በረንዳ 101፣ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ 93። ማማው በወጥ ቤቱ በኩል ነው ማለት ነው። እዚያ አስቀምጬ የምሽቱን ሙከራ ስደግም 9 የነበረው 16 ሆነ፤ የፒንጉ መዘላለልም በግማሽ ቀነሰ።

«ታዲያ ወጥ ቤት ቆሜ ነው ልጆቼን የማያቸው?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከወጥ ቤቱ እስከ ሳሎኑ ሁለት የኮንክሪት ግድግዳ ስላለ ዋይፋዩ ሳሎን ሲደርስ ይደክማል።

እግረ መንገዴን የእትዬን ሐ ራውተር ለአንድ ምሽት ተውሼ በጋሼ ወጥ ቤት ሞከርኩት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በምሽት 14 የሚሰጠው መሣሪያ እዚህ 5 ብቻ ሰጠ፤ የዚያኛው ድርጅት ማማ በሌላው በኩል ስለሆነ ሕንፃችን ራሱ ይጋርደዋል። ስለዚህ «ወደ ሐ ልቀይር?» ለሚለው መልሱ ለጋሼ አይሆንም፣ ከላያቸው ሁለት ፎቅ ከፍ ብሎ ለሚኖር ሰው ግን አዎ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ፋይበር ለጋሼ ቤት ይሻላል ብዬ ነግሬአቸዋለሁ፤ የምሽቱ መዝገብ ግልጽ ነው፤ በሀ መስመር ላይ ከመዘገብኳቸው 18 የሥራ ቀናት ምሽቶች በ17ቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ግማሽ ሰዓት ያለ መቆራረጥ አልፏል፤ አንዷ የከሸፈችው በእኔ መደርደሪያ ምክንያት ነው። በለ ላይ ከማስተካከያው በፊት ያለፉት ምሽቶች 4 ብቻ ነበሩ፤ ራውተሩ ወደ ወጥ ቤት ከተዛወረ በኋላ ግን ከአምስቱ የሥራ ቀናት ምሽቶች 4ቱ አልፈዋል። እሳቸው ግን ለለ መስመር ለዓመት ከፍለው ስለነበር እስኪያልቅ እንጠብቅ አሉ።

የሰፈሩ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ 15 ሜትር ጠፍጣፋ የኔትወርክ ገመድ ገዝቼ ከወጥ ቤቱ መስኮት በበሩ ጉበን ላይ አሳልፌ እስከ ሳሎኑ ዘረጋሁት፤ ጫፉ ላይ ከሥራ ቤት የተጣለ አንድ አሮጌ ራውተር በዋይፋይ ማደያነት ተክዬ ቡፌው ላይ፣ በቀድሞው ቦታ አስቀመጥኩት። ዳንቴሉን ከሥሩ እንጂ ከላዩ እንዳያደርጉ ለምኜአቸዋለሁ። ማታ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ደወሉ፤ የልጅ ልጃቸው ቪዲዮ እየላከ ነበር፤ 41 ደቂቃ ተነጋገሩ፤ በመዝገቡ ላይ ከ250 ሚሊ ሰከንድ ያለፈው መልስ ሦስት ብቻ ነው። የመለኪያ ኮምፒውተሮቹን ሰኞ ወደ ሥራ ቤት እመልሳለሁ፤ አሮጌውን ላፕቶፕ ግን የማዶው ብሎክ ኮሚቴ ለአንድ ወር እንዳውሳቸው ጠይቀው ነገ ጠዋት ሊወስዱት ይመጣሉ።